ኪኒኑ ወንዝ ማዶ፣ ቅጠሉ ወንዝ ወዲህ

ጋሪ ነጂ ሆነህ ተቅማጥ ከያዘህ፣ እግዜር ሊቀልድብህ ፈልጓል ማለት ነው። ቢሮ የሚሠራ ሰው ሲመጣበት ብድግ ብሎ በኮሪደሩ ሄዶ ይመለሳል፤ ማንም አያውቅበትም። እኔ ግን ከኋላዬ ሦስት ተሳፋሪ፣ ከእግሬ ስር አንድ ኩንታል ገብስ፣ ከፊቴ ፈረስ ይዤ፣ መንገድ መሀል «ወራጅ አለ!» ብዬ የምወርደው እኔው ነጂው ነኝ። ልጓሙን ለተሳፋሪ አስይዤ ወደ ባህር ዛፉ እበራለሁ። አሰላ ባህር ዛፍ ባይኖራት ኖሮ ከበሽታው በፊት እፍረቱ ይገድለኝ ነበር።

«ደግሞ ሄደ!» ይላሉ ከኋላዬ።

«ምን በልቶ ነው?»

«ከበላማ ጥሩ። የሚበላ የት አግኝቶ?»

አንድ ቀን የጫንኩት ካድሬ ሰዓቱን እያየ «ጓድ፣ የሥራ ሰዓት እያባከንክ ነው» አለኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ይቺ ምላስ አንዴ ጉድ ሠርታኛለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የፖለቲካ አስተማሪያችን ሰሌዳው ፊት ቆሞ «በሶሻሊዝም ሁሉም ነገር ለሁሉም ይዳረሳል» ሲል፣ እጄን ሳላወጣ «ሳሙናም?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የኔም ትምህርት እዚያው ላይ ፈነዳ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጋሪው ደጅ ላይ ቆሞ ዝናብ ይመታው ስለነበር፣ ዳማውን ፈረስ ጠምጄ ሥራ ጀመርኩ።

በሽታው የጀመረኝ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ንፍጥ፣ ከዚያ ደም። በቀን አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት። ሱሪዬ ወገቤ ላይ የሚቆመው በገመድ ሆነ። ክሊኒክ ስሄድ ካርዴን እንኳ ሳያነቡ «አሜባ ነው» አሉኝ። ያኔ ሆድህን ይዘህ ከገባህ አሜባ ነህ፣ አለቀ። የአሜባውን ኪኒን ሦስት ዙር ጨረስኩ። አሜባው ኖሮ ቢሆን ይሄኔ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ አርባው ወጥቶለታል። ደሙ ግን ያው ነው።

እናቴ ደግሞ «ኮሶ ነው» አለች። ለእናቴ ከአንገት በታች ያለ በሽታ ሁሉ ኮሶ ነው። ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ ጣሳ ሙሉ አቀረበችልኝ። ኮሶ ጤነኛ ሆድ እንኳ ሲያገኝ ጠራርጎ ነው የሚያወጣው፤ የኔን የቆሰለ ሆድ ምን እንዳደረገው አልናገርም። ሁለት ቀን ግድግዳ ይዤ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽንት ቤቱ በር ላይ ወደቅኩ።

ያነሳኝ ጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ስል ጠላቴም ነው። እሱም ባለጋሪ ነው፤ ተሳፋሪ ስንሻማ በእናት በአባት እንሰዳደባለን፣ ምሳ ደግሞ ካንድ ሳህን እንበላለን። በራሱ ጋሪ ጭኖ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እዚህ ላይ ስለ ወንዟ ልንገራችሁ፤ ኋላ ትፈለጋለች። በኛ ሰፈርና በሆስፒታሉ መሀል አንድ ወንዝ አለች። ወንዝ ለማለትም ያሳፍራል። ክረምት ላይ ትንሽ ትጮሃለች፣ በጋ ላይ ዶሮ እግሯን ሳታርስ ትሻገራታለች። ግን ድልድይ አላት፤ ድልድይ ያለው ነገር ደግሞ ወንዝ ነው። ሆስፒታሉ፣ ገበያውና አውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ ነው። ወዲህ ያለነው እኛ፣ ወፍጮ ቤቱና ጭቃው ነን።

ዶክተሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጢሙ ገና በደንብ ያልበቀለ፣ በዕድሜ ከኔ ብዙ የማይበልጥ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«የባህል መድኃኒት ወስደሃል?» አለኝ።

«ኧረ በፍጹም!»

ከኋላዬ ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ። የኮሶው ሽታ ገና ከአፌ አልለቀቀም። ግን ምን ልበል? በየእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ኋላቀር ልማድ ይወገድ!» እያልን እጅ የምናወጣ ሰዎች ነን። ኮሶ ጠጥቼ ነው ብዬ ለተማረ ሰው ልናገር?

«በጎንህ ተኛ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያደረገኝን ለጓደኛዬም አልነገርኩትም። የብረት ቱቦ አለ፣ መብራት አለ፣ በቃ። ጨርሶ እጁን ሲታጠብ «አሜባ የለህም» አለ። «አንጀትህ ነው የተቆጣው።»

«እኔም ተቆጥቻለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ዶክተር ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በር ይዘው ነው የሚያክሙት።

«ደምህ ውስጥ ጠባቂዎች አሉ፤ ነጭ የደም ሕዋስ እንላቸዋለን። ሥራቸው ተህዋስ ሲገባ ይዞ መግደል ነው። ያንተዎቹ ግን ሌባ ሳይገባ ሌባ ሌባ ብለው ተነሱ። የሚደበድቡት የትልቁን አንጀትህን ግድግዳ ነው። ደሙ ከዚያ ነው።»

«የገዛ ቤታቸውን?»

«የገዛ ቤታቸውን።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ የሚያውቅ የለም።»

እዚህ ላይ ወደድኩት። በሕይወቴ ጠረጴዛ ካለው ሰው አፍ «አላውቅም» ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩ ደግሞ ሳያብራራ ገብቶኛል። ባለፈው ክረምት ቁልፍ ጠፍቶብኝ የራሴን አጥር ስዘል የቀበሌያችን ጥበቃ ይዞኝ፣ በገዛ በሬ ላይ ሌባ ብሎ ዱላ አቅምሶኛል። እናቴ ወጥታ «ኧረ ልጄ ነው!» ስትል፣ እሱ «እሱን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያስረዳል» ይላታል። እንግዲህ ሆዴ ውስጥ የሱ ዓይነት ሺህ ጥበቃ ተሰማርቷል ማለት ነው።

«ይሄ ኪኒን ጠባቂዎቹን ያበርዳቸዋል» አለ ዶክተሩ። «በብዛት እንጀምርና በየሳምንቱ እየቀነስን እንሄዳለን። የሳምንት የሳምንቱን ነው የምሰጥህ፣ ሰኞ ሰኞ ራስህ መጥተህ አይሃለሁ። በድንገት እንዳታቆም። ሰውነትህ ራሱ የሚሠራው እንደዚህ ያለ ነገር አለው፤ ኪኒኑን ሲያይ ግን ሥራውን ትቶ ይተኛል። ኪኒኑን ባንድ ጊዜ ከከለከልከው ቤቱን የሚይዝ አይኖርም፣ ትወድቃለህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ካልበረደ ደግሞ አዲስ አበባ ልኬህ ትልቁን አንጀት ቆርጠው ያወጡታል። ሆድህ ላይ ቀዳዳ ይሠሩልህና እዚያ ላይ ከረጢት ታንጠለጥላለህ።»

«ጋሪ ላይ?»

«ጋሪ ላይም።»

ያ ከረጢት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሚስት አላገባሁም። ከረጢት ያንጠለጠለ ባለጋሪ ማን ያገባል? ማንስ አጠገቡ ይቀመጣል? ኪኒኑን እንደ ቁርባን ተቀብዬ ዋጥኩት።

ሠራ፣ አልዋሽም። በሁለተኛው ሳምንት ደሙ ቆመ። በቀን ሁለቴ ብቻ፣ ያውም እንደ ሰው። ዳማውም ገረመው መሰለኝ፤ መንገድ መሀል ስላልወረድኩ ዞሮ ያየኝ ነበር። ግን ፊቴ አበጠ። ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፋ፣ ዓይኔ ጠፋ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ስቆም «የሰፈሩን ስኳር ማን እንደጨረሰው ታወቀ!» ብለው ሳቁብኝ። ስኳር በኩፖን በሆነበት ጊዜ ፊትህ ሲያብጥ ቀልዱ ሊዞርብህ ይችላል፤ አንዱ ከምሩ ያየኝ ነበር።

እናቴን ግን ቀልዱ አላሳቃትም። «ይሄ ጤና አይደለም፣ እብጠት ነው» አለች። «ነገ አኮ ጋ እንሄዳለን።»

አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ አገሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራቸው። ከከተማው በላይ ተራራው ስር፣ የገብስ ማሳ መሀል የሚኖሩ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ቤታቸው በኛ በኩል ነው፤ ወንዟን መሻገር አይፈልግም። እናቴ ጠርሙስ ማር ይዛ፣ እኔ ያበጠ ፊቴን ይዤ ሄድን። አኮ ዓይኔን ገለጡ፣ ምላሴን አዩ፣ እምብርቴን በሁለት ጣታቸው ተጫኑ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም፤ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሆድህ ውስጥ ሌላ መድኃኒት አለ?»

የእናቴ ክርን ጎኔ ገባ። አዋቂ ቤት ሄደህ የሆስፒታል ኪኒን እየዋጥኩ ነው ካልክ ንቀት ነው።

«የለም፣ አኮ» አልኩ። ይኸው ሁለተኛው ውሸት። የመጀመሪያውን ለዶክተሩ፣ ሁለተኛውን ለአኮ። አድልዎ አላደረግኩም።

ጓዳ ገብተው በትንሽ ቅል አንድ ቢጫ ነገር በማር ለውሰው አመጡ። እርድ እንዳለበት አልጫ በልቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከሽታው ያውቃል። ከእርዱ ጋር የተወቀጠው ቅጠል ግን አይታወቅም፣ አይጠየቅምም። የመድኃኒት ስም ለወራሽ ብቻ ነው የሚነገረው፤ ለሌላ ከተነገረ ይረክሳል።

«በባዶ ሆድ፣ ሁለት ሳምንት» አሉ። «አረቄ የለም። በርበሬ የለም። ደግሞ፣ ለጋ ሂን ጬኢን!»

ወንዝ እንዳትሻገር ነው ያሉኝ። መድኃኒት የያዘ ሰው ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉ ውሃው ላይ ይቀራል። ይሄን አገር ያውቀዋል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም።

«አኮ፣ እኔ ባለጋሪ ነኝ እኮ!»

«ታዲያ ፈረሱ ይሻገር። እሱ መድኃኒት አልያዘም።»

እንግዲህ እኔ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ሳይንስ ተምሬያለሁ። ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ውሃ ከቅጠል ጋር ምንም ጠብ የለውም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አላምንም፤ ግን አልሻገርም! ያን ከረጢት እያሰብክ እስቲ አንተ ተሻገር።

ሥራዬ ቀልድ ሆነ። ተሳፋሪ ከወፍጮ ቤቱ እጭንና ድልድዩ አፋፍ ላይ ስደርስ «ውረዱ፣ እዚህ ድረስ ነው» እላለሁ።

«ገበያ አልክ እኮ!»

«ገበያው ያውልዎት፣ ይታያል።»

«ገብሱን ማን ሊሸከምልኝ ነው?»

«ማዶ ሌላ ጋሪ አለ፣ እማማ። እሱ ይቀበልዎታል።»

ማዶ ያለው ጓደኛዬ ነው። ተስማማን፤ እኔ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ግን አፉን አይዘጋም። ድልድዩ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ይጮሃል፦ «ምነው ወንድሜ፣ ይለፍ አልወጣልህም?» ያኔ ካንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ያለ ይለፍ ወረቀት አትሄድም ነበር፤ ያቺን ዶሮ የምትሻገራትን ወንዝ ኬላ አደረጋት። እኔም «ያንተን እናት ይለፍ ነው የምጠብቀው!» እላለሁ። ዳማው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ለመደው። ድልድዩ አፋፍ ሲደርስ ልጓም ሳልስብ ቀጥ ይልና ይዞራል። እሱም መድኃኒት የያዘ ይመስላል።

ሰኞ መጣ። የዶክተሩ ቀጠሮ። ኪኒኔ አልቋል፣ ሆስፒታሉ ማዶ ነው። ጓደኛዬን ላክሁት። ተመልሶ «ካርድ ክፍሏ ሴትዮ፣ በሽተኛው ራሱ ይምጣ አለች» አለኝ።

«ታሟል አላልካትም?»

«ብያለሁ። ታዲያ የታመመ አይደል እንዴ የሚመጣው አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ነገሩማ ትክክል ነው።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ስል ያው በዘጠነኛ ክፍል አቅም ነው። ሆዴ ደህና ነው። ፊቴን ያሳበጠው ኪኒኑ ነው። የአኮ መድኃኒት ደግሞ በእጄ ነው። ላንድ ቤት ሁለት ባል ምን ያደርጋል? ዶክተሩ በድንገት እንዳታቆም ያለው ትዝ ብሎኛል፤ ግን ዶክተር ሁሌ እንዲህ ነው፣ ኪኒኑን ካልጨረስክለት የሚከፋው ይመስለኝ ነበር። ተውኩት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም። እንዲያውም የአኮን ስም ለተሳፋሪ ሁሉ እሰብክ ነበር፤ ሁለት ሰው ወደሳቸው ልኬያለሁ። ሐሙስ ደከመኝ። ዓርብ አቅለሸለሸኝ፣ ደሙም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ማለዳ ሦስት ሰው ጭኜ ድልድዩ አፋፍ ደረስኩ። ዳማው እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። እኔ ልወርድ እግሬን ስዘረጋ መሬቱ አልነበረም። ወይም ነበረ፣ እኔ ነኝ ያጣሁት። ጎማው ስር በአፍንጫዬ ተደፋሁ። አስታወከኝ፣ ሱሪዬ በደም ራሰ፣ ላቤ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ።

ጓደኛዬ ጋሪውን ጥሎ ከማዶ ሲሮጥ አየሁት። በብብቴ ገብቶ ሊያነሳኝ ሲል ያለኝን ጉልበት ሰብስቤ ጮህኩ፦

«እንዳታሻግረኝ!»

«ልትሞት ነው እኮ፣ አንተ ደደብ!»

«አምስት ቀን ነው የቀረኝ! አምስት ቀን!»

ሰው ተሰበሰበ። የአሰላ ሰው ደግሞ በሽተኛ ካገኘ ስብሰባ ይጀምራል። አንዱ ገብስ የተሸከሙ ሽማግሌ «መድኃኒት ከያዘ አይሻገርም፣ ልክ ነው» አሉ። ሌላው «ሆስፒታሉ መቶ እርምጃ ነው፣ ወንድሞቼ!» አለ። አንዷ ሴትዮ ድልድይ መሻገር አይደለም አለች፤ እግሩ ውሃ ካልነካ ምን አለበት? ሽማግሌው የለም፣ መሻገር መሻገር ነው፣ በአውሮፕላንም ቢሆን አሉ። አንዱ ደግሞ የባሰበት «ለምን በምንጩ በላይ አናዞረውም? ከምንጩ በላይ ወንዝ የለም» አለ። ምንጩ ተራራው ላይ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ። ሁለት ሰዎች በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ደሜ እየፈሰሰ፣ እውነቴን ነው፣ ይቺ ሐሳብ ጥሩ መስላኝ ነበር።

በዚህ መሀል ሰው ተከፈለ። አኮ ናቸው። ቅዳሜ ከተራራው ወደ ገበያ ሲወርዱ መንገዳቸው በዚሁ ድልድይ ነው። ዘንጋቸውን ተክለው ቆሙና ቁልቁል አዩኝ።

«ማል ታቴ?» አሉ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

ጓደኛዬ ኦሮምኛውም አማርኛውም እየተደበላለቀበት ዘከዘከው። «የሆስፒታል ኪኒን ይወስድ ነበር አኮ፣ ወንዝ አትሻገር ሲሉት ቀጠሮው ቀረ፣ አቆመው፣ ይኸው!»

አኮ እኔን አዩኝ። እንደዛ ያየኝ ሰው የለም፤ ያ የፖለቲካ አስተማሪ እንኳ። ከዚያ ዘንጋቸውን ወደ ማዶ ዘርግተው ጮሁ፦

«ጬሲሳ!»

አሻግሩት! ስብሰባው ባንድ ቃል ፈረሰ። የጋሪዬ ወለል ላይ ጣሉኝ፣ ጓደኛዬ ልጓሙን ያዘ። ዳማው ግን እምቢ አለ። ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ ድልድዩ አፋፍ ላይ ይዞራል። ጅራፍ ቢያሳርፉበት ይዞራል። በመጨረሻ አኮ ራሳቸው ልጓሙን አፉ ስር ጨብጠው፣ ከፊት እየጎተቱ አሻገሩን። መሀል ድልድዩ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከሆዴ አንድ ነገር ወጥቶ ውሃው ላይ ሲወድቅ ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ። ምንም አልወደቀም።

ሆስፒታል ውስጥ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰቀሉ፣ መርፌ ወጉኝ። እኩለ ቀን ላይ ነፍሴ ስትመለስ ዶክተሩ በቀኝ፣ አኮ በግራ ቆመዋል። ዶክተሩ ኦሮምኛ አይችልም። አኮ ሲናደዱ አማርኛቸው ይጠፋባቸዋል። ጓደኛዬ ፈረሶቹን ሊጠብቅ ወጥቷል። ስለዚህ አስተርጓሚው ማን ሆነ? እኔ፣ ሁለቱንም የዋሸሁ ሰውዬ፣ በጀርባዬ ተኝቼ።

«ይሄ ልጅ ውሸታም ነው በለው» አሉ አኮ።

የግሉኮሱን ጠብታ መቁጠር ጀመርኩ።

«በለው!»

«ውሸታም ነው ይላሉ» አልኩ።

«ማን?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ።»

«እሱንማ አሁን ከጓደኛህ ሰማሁ» አለ ዶክተሩ። «ኪኒን እንደሚወስድ ሳይነግራቸው መድኃኒት ተቀበለ? የባህል መድኃኒት አልወሰድኩም ብሎኝ ነበር ለኔም። በላቸው።»

ነገርኳቸው። አኮ ጥርሳቸውን ፈገግ አደረጉ፤ ሁለቱ በኔ ጉዳይ ወዲያው ተግባቡ።

«የሰጡህን ማወቅ አለብኝ» አለ ዶክተሩ። «ሳላውቀው በላዩ ላይ መድኃኒት ከጨመርኩ ልገድልህ እችላለሁ። ስሙን ይንገሩኝ በላቸው።»

አኮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሙ ለልጄ ነው።» ከዚያ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ደረቅ ቅጠል አውጥተው፣ ሳይናገሩ፣ የዶክተሩ መዳፍ ላይ አስቀመጡለት። «ስሙን አልነገርኩትም» አሉኝ። «ዓይን ካለው ይየው።»

ዶክተሩ አሸተተው፣ ሰብሮ አየው፣ ደግሞም ቅንጣቱን አኝኮ ፊቱን አጨማደደ። አኮ ሳቁ። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ፤ ያንተን አምጣ ማለታቸው ነው። አንድ ኪኒን ሰጣቸው። በፊት ጥርሳቸው ቆርጠው ቀመሱና ተፉት።

«መራራ ነው» አሉ። «ጥሩ።»

«ቅጠልም የሚመረው ራሱን ከተባይ ለማዳን መርዝ ስለሚሠራ ነው በላቸው» አለ ዶክተሩ። «ከዚያ መርዝ አንዳንዱ ሰውነታችን ውስጥ የሚጣሉትን ጠባቂዎች ሊያበርድ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። የሳቸው የትኛው እንደሆነ ሳልመረምር አላውቅም።»

ተረጎምኩ። «ጠባቂዎች» የሚለውን «ዘበኞች» አልኩት።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ አኮ። «እናቴ እኔ ላይ መርምራለች። ዘበኛ ሲሰክር በዱላ አይመለስም፣ እንዲተኛ ይደረጋል። የሱ ባንዴ ይጥለዋል። የኔ ቀስ ብሎ ነው። እንዲህ ደም የሚፈሰው ሰው ደግሞ እኔ ዘንድ አይመጣም፤ ደም አለ ብሎ ማን ነገረኝ?»

እዚህ ላይ ንዴቴ ገነፈለ። ክንዴ ላይ መርፌ እንደተሰካ ቀና አልኩ። «እሺ እኔ ዋሸሁ! ወንዙስ? ወንዝ አትሻገር ባይሉኝ ሰኞ እመጣ ነበር። ወንዙ ምን አደረገዎት?»

አኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ አሉ። «ከወንዙ ማዶ ምን አለ?» አሉኝ።

«ገበያ። ሆስፒታል። መናኸሪያ።»

«አረቄ ቤትስ?»

«አለ።»

«ቁርጥ ቤትስ? ጸብስ? ሩጫስ?»

«አለ።»

«ሆዱ የቆሰለ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ነው ነገሩ።»

«ታዲያ ለምን ዕረፍ አላሉኝም?»

«ብልህ ታርፍ ነበር?»

ዶክተሩ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይለኛል። አልተረጎምኩለትም። አንዳንድ ነገር ለራስህ ታስቀራለህ።

በመጨረሻ ዶክተሩ ካርዴ ላይ ሲጽፍ አኮ በትከሻው ላይ ያዩ ነበር፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ያያሉ። ውሉ ይሄ ሆነ፦ መጀመሪያ የሱ ኪኒን፣ በየሳምንቱ እየተቀነሰ፣ እስኪያልቅ። እስከዚያ የአኮ ቅል ጓዳቸው ትቀመጣለች። ኪኒኑ ሲያልቅ ሁለቱም እያወቁ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ፣ እሱም ደሜን እያየ። ቅጠሉን በፖስታ አድርጎ አዲስ አበባ ለምርመራ ላከው። መልሱን እስካሁን እየጠበቅን ነው። ቅጠሉ ይለፍ ሳያጣ አልቀረም።

በአራተኛው ወር፣ ኪኒኑ አልቆ ቅሉን ከጀመርኩ በኋላ፣ ያንን የብረት ቱቦ እንደገና ተቀበልኩ። ዶክተሩ ረጅም ጊዜ አየ። ጥርሴን ነክሼ ከረጢቱን ነበር የማስበው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«ግድግዳው ደርቋል» አለ። «ዘበኞቹ ተኝተዋል። የምትቆረጥ አይመስለኝም።»

አኮ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው። «የኔ ቅል ነው» አሉ። ዶክተሩ ከበሩ ብቅ ብሎ «ኪኒኑ ነው» አለ። ደህና ተግባብተው የነበሩ ሰዎች እንደገና ተጣሉ፤ ይሄን ግን አልተረጎምኩም። ለኔ ማንም ይሁን። ሱሪዬ ያለ ገመድ ወገቤ ላይ ቆሟል።

አኮን ጭኜ ወደ ቤታቸው ተመለስን። አሁን ሁሉን ነገር እሻገራለሁ፣ ወንዙንም፣ ገበያውንም፣ የካድሬውንም ሰፈር። የማይሻገረው ዳማው ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ድልድዩ አፋፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ሊዞር ይላል። ተሳፋሪ ይጮሃል፦ «ምን ሆኖ ነው ይሄ ፈረስ?»

«ታገሡት» እላለሁ እየወረድኩ። «መድኃኒት ይዞ ነው።»

ከዚያ ልጓሙን አፉ ስር እይዛለሁ፣ አኮ እንዳደረጉት፣ ከፊት እየጎተትኩ አሻግረዋለሁ።